«ተልኳል» ይላል፣ ግን አልደረሰም

ጥያቄ፦ የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ለመንዝ በግ አርቢዎች የክትባት ቀን በኤስኤምኤስ የሚያስታውስ ሲስተም ሠርቻለሁ። ሲስተሙ ሁሉንም «ተልኳል» ይላል፤ መሐል ሜዳ አካባቢ ያሉት ግን ብዙዎቹ አልደረሰንም አሉኝ። አንዱ መልእክት ደግሞ እንደ ሦስት ይቆጠርብኛል። ኤስኤምኤሱን ትቼ ሁሉንም በኤችቲቲፒ (ድረ ገጾች በኢንተርኔት በሚገናኙበት ደንብ) የሚሠራ አፕ ላድርገው?

መልስ፦ አይ እህቴ፣ አትተዪው። የአርቢው ስልክ ባለ ቁልፍ ከሆነ አፕሽን የት ይጭነዋል?

ኤችቲቲፒ ላይ ሰርቨሩ 200፣ ማለትም «ተሳክቷል»፣ ብሎ ከመለሰልሽ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አልቋል። ኤስኤምፒፒ (ሲስተምሽ ለኦፕሬተሩ ኤስኤምኤስ የሚያስረክብበት ደንብ) ላይ «ስህተት የለም» ተብሎ የሚመጣልሽ መልስ ግን የኦፕሬተሩ የመልእክት ማዕከል ተረከበ ከማለት አያልፍም። በሌላ ድርጅት ኤፒአይ (ኮድሽ የድርጅቱን አገልግሎት በሚጠራበት በር) በኩል የምትልኪ ከሆነማ ያ 200 ከዚህም ያንሳል፤ የተረከበው ድርጅቱ ነው። የአርቢው ስልክ ከተዘጋ ወይም ኔትወርክ የሌለው ሸለቆ ከወረደ፣ ማዕከሉ መልእክቱን ይዞ ደጋግሞ ይሞክርና ጊዜው ሲያልፍ ይጥለዋል።

ስለዚህ በኤስኤምፒፒ ስትልኪ «ሬጂስተርድ ዴሊቨሪ» (የማድረሻ ሪፖርት መጠየቂያ) የሚለውን መስክ 1 አድርጊው። ደረሰ ወይም አልደረሰም የሚል ሪፖርት ቆይቶ በ«ዴሊቨር ኤስኤም»፣ ማዕከሉ ወደ አንቺ በሚልከው መልእክት፣ ይመጣልሻል፤ በመልእክቱ መለያ ቁጥር ከላክሽው ጋር ታዛምጂዋለሽ። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ማዕከል መለያውን መጀመሪያ በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት አቆጣጠር) ይሰጥሽና ሪፖርቱ ላይ በተራ ቁጥር ይጽፈዋል፤ 1ኤፍ4 ያለሽ 500 ሆኖ ይመጣል። ኮድሽ ሁለቱን እንደ ጽሑፍ ካነጻጸረ አይገናኙም፣ አንቺም ሪፖርት አልመጣም ትያለሽ። መልእክቱ የሚቆይበትንም ጊዜ ራስሽ ወስኚ፤ ለማክሰኞ ክትባት ረቡዕ የሚደርስ ማስታወሻ ማንን ይጠቅማል?

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አንድ ኤስኤምኤስ 140 ባይት ነው። በላቲን እያንዳንዱ ፊደል ከአንድ ባይት ስለሚያንስ 160 ይይዛል፤ የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ 2 ባይት ስለሚወስድ 70 ላይ ያበቃል። ካለፈ ይቆራረጣል፣ ለመገጣጠሚያው መረጃ ቦታ ስለሚሄድም አንዱ ቁራጭ 67 ብቻ ይይዛል። 150 ፊደል ጽፈሽ ከሆነ ሦስት የተባልሽው በትክክል ነው። በላቲን ጻፊው የሚሉሽን አትስሚ፤ ለሽማግሌ አርቢ ያ ንባብ ስቃይ ነው። ይልቅ ሰላምታውንና የማኅበሩን ረጅም ስም አውጪ፦ «የበግ ክትባት ማክሰኞ ጠዋት፣ ቀበሌ ግቢ። በጎቹን ይዛችሁ ኑ።» 40 እንኳ አይሞላም።

ኤችቲቲፒውን ለእንስሳት ጤና ባለሙያው አፕ ተጠቀሚበት፤ የተከተቡትን መዝግቦ ይላክልሽ። ግን ደካማ ኔትወርክ ላይ ጥያቄው ሰርቨርሽ ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። አፑ ድጋሚ ሲልክ ያው በግ ሁለቴ እንዳይመዘገብ፣ ለእያንዳንዱ መዝገብ ስልኩ ላይ መለያ ይሰጠው፣ ሰርቨሩም ያየውን መለያ ድጋሚ አያስገባ።

ዩኤስኤስዲ (በኮከብና በመሰላል ቁጥር ተደውሎ የሚከፈት ሜኑ) የሚያስፈልግሽ አርቢው ራሱ ቀን መምረጥ ካለበት ብቻ ነው። መስመሩ ከተቋረጠ እንደ ኤስኤምኤስ ቆይቶ የሚደርስ ነገር የለም፤ ስለዚህ ሜኑውን ከሁለት ደረጃ አታሳልፊው፣ ምርጫውንም ወዲያው ዳታቤዝ ላይ አስቀምጪ።