መልስ፦ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ከተባለው ተከታታይ ልቦለድ አራተኛው መጽሐፍ ላይ ገጸ ባሕርያቱ ቲሪዮንና ዴኔሪስ የት ገቡ?

ሁለቱን ስላጣሃቸው ገጽ የጎደለ መስሎሃል፤ ግን አልጎደለብህም። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የሸጠልህን ሰውዬ አትጣላው። ደራሲው ጆርጅ ማርቲን ታሪኩ ሲበዛበት በጊዜ ሳይሆን በቦታ ለሁለት ከፈለው። በ2005 በወጣው አራተኛው፣ «ኤ ፊስት ፎር ክሮውስ» ውስጥ ሁለቱም የሉም። የምትፈልጋቸው በ2011 በወጣው አምስተኛው ላይ ናቸው። እሱም ወደ ኋላ ተመልሶ ያንኑ ጊዜ ይተርካል። ጆን ሳምን የሚሸኝበትን ንግግር እንኳን በአራተኛው በሳም፣ በአምስተኛው ደግሞ በጆን ዓይን ታየዋለህ።

ስለዚህ አራተኛውን ጨርሰው። ንግሥቲቱ ሰርሴይ ብቻዋን ዋጋውን ታወጣለች።

አንድ ነገር ግን፦ ሦስተኛውንም ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ከገዛኸው ሽፋኑን እየው። የእንግሊዞቹ እትም «ስቲል ኤንድ ስኖው» እና «ብለድ ኤንድ ጎልድ» ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። እዚህ ድሬ የመጀመሪያውን ብቻ እንደ ሙሉ ሲሸጡት አይቻለሁ። በሁለተኛው ክፍል ያለውን ሠርግ ካላነበብክ፣ በቃ፣ ግማሹ ቀርቶብሃል።