ጥቁር ፍሬው የማን ጥፋት ነው?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን የለቃሚዎች፣ ማለትም መጥፎውን ፍሬ ከጥሩው የሚለዩ ሴቶች፣ ተቆጣጣሪ ነኝ። ራሴም ሦስት ዓመት ለቅሜያለሁ፤ ተቆጣጣሪ ከሆንኩ ገና አምስት ወሬ ነው። ሥራ አስኪያጃችን እያንዳንዷ ከለቀመችው ቡና አንድ አንድ ጣሳ አስወስዶ ጥቁርና የተሰበረ ፍሬ ያስቆጥራል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሦስት ጎበዞችና የሦስት ደካሞች ስም ሰሌዳ ላይ ይወጣል። ደካሞቹ ከሂሳባቸው ይቆረጥባቸዋል። ስሙን የምጽፈው እኔ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከደካሞቹ ተርታ የጻፍኩት ሥራውን ያስተማሩኝን እትዬን ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት እኮ ከጎበዞቹ ነበሩ! «ልጄ፣ ወላሂ ዓይኔ እስኪፈስ ነው የለቀምኩት» አሉኝና ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ። ሰኞ መጡ። ቡና ሲፈላ ግን እንደ ወትሮው ስኒዬን አላቀበሉኝም።

አንድ ሥልጠና ላይ ዴሚንግ የሚባል ሰው «አብዛኛው ጥፋት የሠራተኛው ሳይሆን የአሠራሩ ነው» ይላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ለአለቃዬ ብነግረው «ይሄ የጃፓን ወሬ ነው፣ እዚህ አይሠራም» አለኝ። እውነቱን ነው? ምን ላድርግ?

ተቆጣጣሪዋ፣ ከጅማ

መልስ

እህቴ፣ ሰውየው ጃፓናዊ አይደለም። ኤድዋርድስ ዴሚንግ እ.ኤ.አ. በ1900 አዮዋ የተወለደ አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነበር። ጃፓን በጦርነት ደቃ፣ ዕቃዋ «ርካሽና የማይረባ» እየተባለ በሚታማበት ዘመን፣ በ1950 የአገሪቱ የሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ማኅበር ጋብዞት መሐንዲሶችንና የፋብሪካ አለቆችን አስተማረ። የትምህርቱ ጽሑፍ ሲሸጥ የሚደርሰውን ገንዘብ አልወስድም አለ። በዚያ ገንዘብ በ1951 በስሙ ሽልማት አቋቋሙ። የገዛ አገሩ በደንብ የሰማችው በ1980 በአንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው፤ ያኔ 80 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ነቢይ በአገሩ አይከበርም ማለት ይኼ ነው።

አንቺን የሚመለከተው ግን የዶቃ ጨዋታው ነው። ዴሚንግ ሳጥን ውስጥ 3,200 ነጭና 800 ቀይ ዶቃ ይቀላቅላል። ከአዳራሹ ሰዎች ጠርቶ «ሠራተኛ» ያደርጋቸዋል። ዶቃ የሚይዙ 50 ጉድጓዶች ያሉት ጣውላ ይሰጣቸውና «ነጭ ብቻ አውጡ!» ይላል። ከአምስቱ ዶቃ አንዱ ቀይ ነውና በአማካይ ወደ 10 ቀይ ይወጣል። አንዱ 6 ያወጣል፣ ሌላው 14። ዴሚንግ እንደ አለቃ ሆኖ ባለ 6ቱን ያሞግሳል፣ ባለ 14ቱን ይቆጣል፣ ሲብስበትም ያባርራል። በሚቀጥለው ዙር ያ ጎበዝ 12 ይዞ ይመጣል። ቀዩን ዶቃ ሳጥኑ ውስጥ የጨመሩት ግን ሠራተኞቹ አይደሉም።

እትዬ በአንድ ሳምንት ከጎበዝ ወደ ደካማ የወረዱት ዓይናቸው በሰባት ቀን ደክሞ ይመስልሻል?

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ዶቃ ላይ ችሎታ ዋጋ የለውም፤ ቡና ለቀማ ላይ አለው። ፈጣን እጅ አለ፣ ሰነፍ እጅም አለ። ስለዚህ በስሜት አትከራከሪ፤ ቁጠሪ። ለሁለት ሳምንት ጆንያው ሳይለቀም በፊት አንድ ጣሳ አውጪና ጥቁሩን ቆጥረሽ ደብተር ላይ ጻፊ። ቡናው ከየት እንደመጣ፣ ከቻልሽ ጀንፈሉ (ገና ከገለባው ያልተለየው ቡና) ሲደርቅ ዝናብ መትቶት እንደሆነ ጠይቂ። መስኮት አጠገብ የሚቀመጡትንና ጨለማው ጥግ ያሉትን በየቀኑ አቀያይሪ። ቁጥሩ ሰውን ይከተላል ወይስ ጆንያውንና መቀመጫውን? ሁለቱንም ሊከተል ይችላል፤ ያኔ የቱ እንደሚበዛ ታያለሽ።

ከዚያ ደብተሩን ይዘሽ አለቃሽ ጋ ግቢ። የዴሚንግን ስም ባታነሺ ይሻላል፤ ስለ ብር አውሪው። ጥቁር ፍሬው ጀንፈሉ ሲገዛ ተከፍሎበት የገባ ነው። መጋዘን ውስጥ በለቃሚ ዓይን ከማሳደድ ግዢው ላይ ማየት ይቀላል። ዴሚንግ ለአለቆች ከጻፋቸው 14 ነጥቦች ሦስተኛው ይኸው ነው፤ ጥራት መጨረሻ ላይ በሚደረግ ፍተሻ አይመጣም ይላል። ስምንተኛው ደግሞ ፍርሃትን ከሥራ ቦታ አስወጡ የሚል ነው። ይህን ያለው ለደግነት ብቻ እንዳይመስልሽ። ስሟ እንዳይለጠፍ የፈራች ለቃሚ ጥሩውንም ፍሬ ከመጥፎው ጋር ትጥላለች። ያ ኪሳራ ደግሞ ሰሌዳው ላይ አይጻፍም።

ቅጣቱን የማስቀረት ሥልጣን እንደሌለሽ አውቃለሁ። አለቃሽ እሺ ላይልም ይችላል። ለእትዬ ግን ሁለቱን ሳምንት አትጠብቂ። ስማቸው የተለጠፈው በሰው ፊት ነውና «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» የምትያቸውም በሰው ፊት ይሁን። ጀበናው ሲቀርብ ደግሞ ቀድመሽ ተነሺና የመጀመሪያውን ስኒ አንቺ አቀብያቸው።