«ኮከብ ዓሣ» ወይስ «የባሕር ኮከብ»?

ጥያቄ፦ ልጄ የሥዕል መጽሐፍ ይዛ መጥታ ባለ አምስት ክንዱን የባሕር እንስሳ «ምንድን ነው?» አለችኝ። «ኮከብ ዓሣ» አልኳት። ባለቤቴ ደግሞ «የባሕር ኮከብ ነው የሚባለው» አለ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ በዚህኛው ባለቤትዎ ረትተዋል።

«ኮከብ ዓሣ» ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። በአማርኛ ሁለት ስሞች ሲደረደሩ ነገሩ ምን እንደሆነ የሚነግረን የኋለኛው ነው። (ከግእዝ የወረስናቸው እነ «ቤተ መጻሕፍት» በተቃራኒው ይሄዳሉ፤ ለዛሬ እንለፋቸው።) ኮከብ ተጫዋች ያው ተጫዋች ነው። «ኮከብ ዓሣ» ሲባል ታዲያ ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ዋንጫ የወሰደ ዓሣ ነው የሚመጣብኝ።

«የባሕር ኮከብስ መቼ ኮከብ ሆነ?» ይሉኝ ይሆናል። አልሆነም። ግን ኮከብን ባሕር ውስጥ የሚፈልግ ስለሌለ፣ የመልክ ነገር መሆኑ ወዲያው ይገባል። ዓሣ ግን ባሕር ውስጥ ስለሚኖር ሰሚው አምኖ ይቀበላል።

እንስሳው ደግሞ አከርካሪ የለው፣ ክንፍ የለው፣ ስንጥብ የለው። ገልብጠው ቢያዩት አፉ መሃል ላይ ነው። ከአፉ እስከ እያንዳንዱ ክንድ ጫፍ ቦይ ተዘርግቷል። ቦዩ ውስጥ በውሃ ግፊት የሚሠሩ ለስላሳ ጥቃቅን እግሮች ይርመሰመሳሉ። ትልልቆቹን «ክንድ» ማለት የሚሻለውም ለዚህ ነው፤ «እግር» ካልናቸው ለእነዚህ ስም አጣን ማለት ነው።

ዘመዶቹን ሳይንስ በጅምላ «ኤኪኖደርማታ» ይላቸዋል፤ በግሪክኛ «ባለ እሾህ ቆዳ» እንደማለት ነው። ዛሬ በሕይወት ያሉት 7,000 ያህል ዝርያዎች ናቸው፣ አንዱም በወንዝም ሆነ በጨው አልባ ሐይቅ አይኖርም። መደባቸው አምስት ነው፦ የባሕር ኮከብ፣ ተሰባሪ ኮከብ፣ የባሕር ጃርት፣ የባሕር ኪያር፣ የባሕር ሊሊ። ከሁሉም «የባሕር ጃርት» ደስ ይለኛል። ግሪኮችም እሾሃሙን የየብስ እንስሳና የባሕሩን «ኤኪኖስ» በሚል በአንድ ስም ነበር የሚጠሩት። ተሰባሪው ኮከብ ደግሞ ስሙ ልኩ ነው፤ ጠላት ክንዱን ከያዘው ሰብሮ ጥሎለት ያመልጣል፣ ክንዱም መልሶ ይበቅላል።

አመዳደቡ ራሱ አንዴ አወዛግቧል። በ1986 እ.ኤ.አ. ኒው ዚላንድ አካባቢ ከባሕር ወለል በወጣ እንጨት ላይ የተገኘ፣ ክንድ የሚባል ነገር የሌለው ክብ ፍጡር ይፋ ሆነ። ስድስተኛ መደብ ተሰጠው። በኋላ ሲመረመር ግን የባሕር ኮከብ ሆኖ ተገኘ፤ ኮከብ የማይመስል ኮከብ!

ሲበዙ «ኮከቦች» ይበሏቸው። «ከዋክብት» ለሰማዮቹ ይቆይ ባይ ነኝ። ልጅዎ ገጹን ገልጣ የባሕር ፈረስን ካሳየችዎ ግን አይሳሳቱ፤ እሱ ዓሣ ነው።