«ጭራቁ መጣ» ወይስ «ለካ ኖሯል»?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቱሉ ዲምቱ በአንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ፊልም በአማርኛ እተርካለሁ። የጆን ካርፔንተርን «ዘ ቲንግ» ስሠራ ፍጡሩ ብቅ ባለ ቁጥር «ጭራቁ መጣ!» አልኩ። ኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለው ቪዲዮ ቤት ሲታይ ሰዉ ሳቀ። ቃሉ ነው የማይሆነው? ደግሞስ «መጣ» ነው «መጣች» የሚባለው?

መልስ፦ ሰዉ ቢስቅ አይፈረድበትም። ጭራቅን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ይራባል፣ ሰው ይበላል፣ ብልጥ ልጅ ካጋጠመው ይታለላል። ፍላጎቱ ስለሚታወቅ መላ አይጠፋለትም። እንዲህ ያሉ ፊልሞች የሚቀዱበት ምንጭ ሌላ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ላቭክራፍት (1890–1937 እ.ኤ.አ.) የፈጠራቸው ፍጡራን አብዛኞቹ ሰውን አይጠሉትም፤ ከቁም ነገርም አይቆጥሩትም። የሚያስፈራው ጥርሳቸው ሳይሆን ከእኛ በፊት እዚሁ መኖራቸው ነው።

ስለዚህ እኔ ብሆን ስሙን ትቼ ግሡን ነው የምነካው። «መጣ» ስትል ቀድሞ አልነበረም ማለትህ ነው። ሳናውቀው የቆየ ነገር ላይ ድንገት ስንደርስ ግን አማርኛ «ለካ… ኖሯል» ይላል። ጎረቤትህ ድምፁ ጠፍቶብህ ሰንብቶ ወሬውን ስትሰማ «ለካ ታሞ ኖሯል» ትላለህ። ሕመሙ የቆየ ነው፤ አዲሱ ያንተ ማወቅ ነው።

የደም ምርመራውን ትዕይንት አስብ። ፍጡሩ የሰውን መልክ ስለሚይዝ፣ በአንታርክቲካው ጣቢያ ማን ሰው፣ ማን ሰው መሳይ እንደሆነ ጠፍቷል። ሽቦ በእሳት ይግላል፣ ከእያንዳንዱ ሰው በተቀዳው ደም ውስጥ በተራ ይነከራል፤ የአንዱ ደም ዘልሎ ይወጣል። እዚህ ላይ «ሰውየው ጭራቅ ሆነ!» ካልክ ነገሩን ገደልከው፤ አሁን የሆነ ነገር የለማ። ዝቅ ባለ ድምፅ «ለካ ሰው አልነበረም» በልና ዝም በል። (ተራኪዎቻችን ዝምታ አይሆንላቸውም፤ «ወይ ጉድ!» ሳይሉ አያልፉም።)

ልጆች በፕሌይስቴሽን የሚጫወቱት «ብለድቦርን» (2015 እ.ኤ.አ.) ይህንኑ በቁጥር አስቀምጦታል። ተጫዋቹ የሚያጠራቅመው የማስተዋል ነጥብ አለ፤ 40 ሲደርስ፣ ደጋግሞ ባለፈበት ሕንፃ ላይ ባለብዙ ክንድ ግዙፍ ፍጡር ተጣብቆ ያያል። ማንም አልመጣም። ለካ ከላዩ ተንጠልጥሎ ሲያየው ኖሯል።

«ለካ»ን ግን በየትዕይንቱ አትዝራው፤ በአንድ ፊልም ሁለቴ ይበቃል። ለፍርሃቱም «ፈራሁ» ከምትል «ቀፈፈኝ» ይሻልሃል። «ፈራሁ» ላለ ሰው «ምኑን?» ይባላል፤ «ቀፈፈኝ» ላለው ግን ማንም አይጠይቀውም።

ጾታውን በተባዕት ያዘው። አማርኛ ሲያሳንስም ሲያቀርብም ወደ አንስታይ ያደላል፤ «እቺ ነገር» ያልከውን ሰዉ በጫማ የሚረገጥ ያስመስለዋል። አይጥ ብትሆን ኖሮ «መጣች» በል እልህ ነበር።