ክራሩን አያስቁሙት፤ ሰዓቱን ያዛውሩት

ልጅዎ ሒሳብ ስለከበደው አራት ኪሎ የሚማረውን ክራር ላስቁመው ወይ ብለው ለጠየቁት፦ አያስቁሙት። ትምህርቱን ወደ ቅዳሜ ጠዋት ያዛውሩና የሥራ ቀን ማታውን ለሒሳብ ይተዉለት። ቤት ውስጥ በየቀኑ ሩብ ሰዓት መለማመድ ይበቃዋል።

ሙዚቃ የሒሳብ ውጤት ያሳድጋል የሚሉዎትን ግን አይመኑ፤ ማስረጃው ደካማ ነው። ክራር የሚሰጠው ሌላ ነው፦ የሚለይ ጆሮ፣ ትዕግሥት፣ ከሌሎች ጋር ሲጫወቱ በዜማው እኩል መግባትና መውጣት። ይህ በራሱ ትምህርት ነው፤ የሒሳብ አሽከር መሆን የለበትም።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ክራሩን ሁልጊዜ የሚቃኙለት መምህሩ መሆናቸውን ይጠይቁ። ለወላጆች ቀን አንድ ዜማ የጣት ቅደም ተከተሉን ብቻ ሸምድደው የሚመጡ ልጆች ብዙ አይቻለሁ፤ አንድ ክር ሲላላ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ልጁ ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት ክሮቹን ራሱ አጥብቆና አላልቶ መቃኘት ይማር።