የታክሲ ሰልፍና ሰባቱ የጸሎት ሰዓታት

ጥያቄ፦ «ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ለመጠበቅ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት አቋረጥኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ፤ ቤት የምገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው። ምን ይሻለኛል?» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ያቃተዎት በስንፍና አይመስለንም፤ የጀመሩበት መጠን ከብዶ ነው። ብዙ ሰው ልቡ በሞቀበት ሰሞን የዘወትር ጸሎቱን፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ አንቀጸ ብርሃኑን፣ መልክአ መልኩን፣ ከመዝሙረ ዳዊትም አንድ ንጉሥ (10 መዝሙር) በአንድ ጠዋት ይደራርባል። ከዚያ አንድ ቀን እንቅልፍ ያሸንፈውና ሁሉንም ባንድ ላይ ይተዋል።

ስለዚህ ከሰባቱ ሁለቱን፣ ነግህንና (የማለዳውን) ንዋምን (የመኝታውን)፣ ምሰሶ ያድርጓቸው። ጠዋት ፊትዎን ታጥበው፣ ነጠላዎን አጣፍተው፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው ይቁሙ። ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ አማትበው የዘወትር ጸሎቱን ያድርሱ፤ ከዚያ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ብቻ ይጨምሩ። ውዳሴው ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሏል፤ የሰኞው «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም» ብሎ ይጀምራል። ጌታ ያዘነውንና የተከዘውን አዳምን ነፃ ሊያወጣው ወደደ ማለት ነው። ግእዙን የማይሰሙ ከሆነ ለጊዜው በአማርኛው ይድገሙት። ትርጉሙን ሳያውቁ ለዓመታት ከመሮጥ ይህ ይሻላል፤ ቃሉ ልብ ውስጥ ከገባ በኋላ ግእዙ ራሱ ይጣፍጥዎታል።

የቀሩትን አምስት ሰዓታት በአንድ አቡነ ዘበሰማያትና በአንድ ሐሳብ ያስቧቸው። 3 ሰዓት ላይ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱን፣ 6 ሰዓት ላይ ጌታ መሰቀሉን፣ 9 ሰዓት ላይ ነፍሱን በፈቃዱ መስጠቱን፣ በሠርክ (ወደ ማታ) ወደ መቃብር መውረዱን፣ እኩለ ሌሊት ከነቁ ልደቱንና ዳግም ምጽአቱን። ሥራ ቦታ ሰው ፊት መቆም ካልተመቸ በልብ ይበሉት። ሰዓቱ ካለፈ ግን ለማታ አያጠራቅሙት፤ የተጠራቀመ ጸሎት ዕዳ ይመስላል፣ ዕዳ ደግሞ ሰውን ከደጅ ያሸሻል።

ሰልፍ ላይ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ለማለት መቁጠሪያ ባይዙም ይቻላል። ከአውራ ጣት በቀር አራቱ ጣቶች ሦስት ሦስት አንጓ አላቸው፤ በአውራ ጣትዎ እየነኩ ቢቆጥሩ 12 ይሆናል። ሦስት ጊዜ ሲዞሩ 36፣ አምስቱን የጣት ጫፎች ሲጨምሩ 41። ሲቸኩሉ «መሐረነ» የሚለው ይዋጣል፤ በአንድ ትንፋሽ ከአንድ ጊዜ በላይ አይበሉት።

በመጨረሻ፣ ለንስሐ አባትዎ «ጊዜ የለኝም» አይበሏቸው። የሚወጡበትንና የሚገቡበትን ሰዓት ቆጥረው ይንገሯቸው፤ መጠኑን የሚወስኑልዎት እሳቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ «ዳዊትን በሳምንት ለመጨረስ እሞክራለሁ፤ ሁልጊዜ ዓርብ ላይ እቀራለሁ።» (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ የተለመደው አከፋፈል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ነው፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል። የዓርቡ ድርሻ በቁጥር ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መዝሙር 118 እዚያ ውስጥ አለ። ብቻውን 176 ቁጥር ነው፤ ስምንት ስምንት ቁጥር ባላቸው 22 ክፍሎች ተከፍሏል። በአንድ መቀመጫ አይግፉት። ስምንቱን ክፍል ጠዋት፣ ሰባቱን ቀትር ላይ፣ ሰባቱን ማታ ያድርጉት።

አሁንም ከከበደ በቀን አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር፣ ይያዙ፤ በ15 ቀን 150ው ያልቃል። መጽሐፍዎንም ያረጋግጡ፦ በአንዳንድ ዕትሞች ቁጥሩ በአንድ ስለሚበልጥ 118 የተባለው 119፣ «ተሣሃለኒ» የሚለው 50ኛውም 51 ሆኖ ይገኛል። ከስልክ የሚያነቡ ከሆነ ኢንተርኔቱን ዘግተው ይጀምሩ፤ አንድ መልእክት ብቅ ሲል የት እንደደረሱ ይጠፋዎታል።

ጥያቄ፦ «በቆረብኩበት ቀን ማታ መስገድ እችላለሁ?» (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አይሰገድም። ቅዳሜና እሑድ፣ በጌታችን በዓላት፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናትም እንዲሁ። በሌሎቹ ቀናት ምግብ ሳይቀምሱ ይስገዱ፤ ጠግቦ መስገድ ያጥወለውላል። ጉልበትዎ መሬት ከመንካቱ በፊት መዳፎችዎ ይቀድሙ፤ ጉልበት የሚያሳምመው በአብዛኛው ከላይ በመውደቅ ነው። ሕመም ካለብዎት ቆመው አንገትዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ለንስሐ አባትዎም ይንገሯቸው።