ሴራሚኩ ይቆይ፤ መጀመሪያ አየር የሚገባበትን እንፈልግ

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ በሚገኘው ቤታችን ጓሮ 10 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ የመዋኛ ገንዳ እያሠራሁ ነው። ጥልቀቱ ከ1.20 እስከ 1.80 ሜትር ይደርሳል። የወለሉና የግድግዳው አርማታ አልቋል፤ ቧንቧውም ተቀብሯል። ለሙከራ ውሃ ሞልተን ፓምፑን ስናስነሳው፣ በሚያሳየው ክዳን ሥር ውሃው ከግማሽ አያልፍም፤ ውሃ በሚመለስባቸው ቀዳዳዎችም አረፋ ይወጣል። ማታ ስናጠፋው ውሃው ወደ ገንዳው ይወርድና ጠዋት ጠዋት በባልዲ ሞልተን እናስነሳዋለን። ፓምፑ ጎርፍ እንዳያገኘው ብለን ከገንዳው 14 ሜትር ርቆ፣ ከውሃው ወለል 1 ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ አጥሩ ጥግ ተቀምጧል። መምጠጫው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ግራጫ ቧንቧ ነው። አንድ ባለሙያ መገጣጠሚያዎቹን በሲሊኮን ለበጣቸው፤ ከዚያም ባለ 1 የፈረስ ጉልበቱን ፓምፕ በባለ 2 ቀየረው። ባሰበት። ገንዳው አንድ ስኪመር (ከውሃው ገጽ ቅጠልና ቆሻሻ የሚመጥ የግድግዳ አፍ) እና አንድ የወለል መምጠጫ አለው። ከዚህም የበለጠ ፓምፕ ልግዛ? ወይስ ውሃው እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ይበቃኛል? ሴራሚክ አንጣፊዎቹ ሰኞ ይጀምራሉ።»

መልስ፦ አብሽሩ፤ ገንዳዎ ይድናል። ለሴራሚክ አንጣፊዎቹ ግን ዛሬውኑ ደውለው ያስቁሟቸው። ፓምፕም አይግዙ፣ ቫልቭም አይግዙ።

ጥያቄዎን አንብቤ ሳልጨርስ ልቤ የሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው፦ ቧንቧው የፓምፑ አፍ ላይ በጥርስ ወደሚገባበት መገጣጠሚያ። ጠዋት ጠዋት በባልዲ እየሞላችሁ ስታስነሱት ፓምፑ በየጊዜው ጥቂት ደቂቃ ደርቆ ሠርቷል። ደርቆ የሚሠራ ፓምፕ ደግሞ ይግላል። ሙቀቱ የፕላስቲኩን ጥርስ ያለሰልሰውና ሲበርድ ጠቦ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ቴፍሎን ቢጠቀለልበትም አይገጥምም። ውሃው ማታ ተመልሶ መውረዱ ራሱ ምስክር ነው። ልጆች በስትሮ ለስላሳ መጠው ላዩን በጣታቸው ሲዘጉት ፈሳሹ ስትሮው ውስጥ ይቆማል፤ ጣታቸውን ሲያነሱ ይወርዳል። የእርስዎም ቧንቧ የሆነ ቦታ ላይ «ጣቱ ተነስቷል»። አጋጅ ቫልቭ ቢገጠም ውሃውን ይይዝ ይሆናል፤ ቀዳዳውን ግን አይደፍነውም፤ አረፋውም ይቀጥላል።

ፍተሻው ቀላል ነው። መጀመሪያ የፓምፑን ክዳን ከፍተው ጎማውን ያውጡ፤ አሸዋና ፀጉር ካለበት ያጽዱትና የሲሊኮን ቅባት ቀብተው ይመልሱት። ቫዝሊን አይቀቡት፤ ብዙውን ጎማ ያሳብጠዋል። ቀጥሎ ፓምፑን አስነስተው፣ ረዳትዎ ክዳኑን እየተመለከተ፣ እርስዎ ከፓምፑ አፍ ጀምረው ወደ ገንዳው እየሄዱ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያና በእያንዳንዱ ቫልቭ አንገት ላይ በጎማ ቱቦ ውሃ ያፍስሱ። ቀዳዳው ጋ ሲደርሱ በአየር ፋንታ ውሃ ስለሚገባ አረፋው ለአፍታ ይቆማል። ወፍራም የሳሙና አረፋ ብትቀቡም ይሆናል፤ ብቻ መምጠጫ መስመር ላይ አረፋው ወደ ውጭ አይነፋም፣ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ብዙ ሰው ፊኛ ሲጠብቅ ቀዳዳውን አልፎት ይሄዳል።

ከዚያ መስመሮቹን ይለዩ። የወለሉን መምጠጫ ዘግተው በስኪመሩ ብቻ፣ ቀጥሎ ስኪመሩን ዘግተው በወለሉ ብቻ ያስነሱ። አየሩ በአንደኛው ብቻ ከመጣ ጥፋቱ በዚያ መስመር ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም ይበሉ። በወለሉ መምጠጫ ብቻ በምትሞክሩበት ሰዓት ገንዳው ውስጥ ማንም ሰው አይኑር። ልጅም፣ አዋቂም፣ ክዳኑን በእግሩ ለማጽዳት የሚገባ ሠራተኛም። የእርስዎ ገንዳ የወለል መምጠጫ አንድ ብቻ መሆኑ ከአረፋው ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ ነገር ነው። ክዳኑ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ አንድ ሰው በጀርባው ወይም በሆዱ ሲደፍነው ፓምፑ የ4 ሜትር ውሃ ያህል ባዶነት ቢፈጥር፣ ሰውየው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ120 ኪሎ ግራም ክብደት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት አንዲት የ7 ዓመት ልጅ የሙቅ ውሃ ገንዳ መምጠጫ ይዟት ሞታለች። እናትየው ጎትታ ልታላቅቃት አልቻለችም፤ ሁለት ወንዶች ሲስቧት ክዳኑ ተሰብሮ ነው የወጣችው። እ.ኤ.አ. በ2007 በስሟ የተሰየመ ሕግ ወጣ። እኔ አዲስ ገንዳ ባስረከብሁ ቁጥር አሮጌ የፍራሽ ስፖንጅ አምጥቼ በመምጠጫው ላይ አስይዤ ለባለቤቱ አሳየዋለሁ፤ ሁለት ጎልማሶች ሲታገሉት ያየ ሰው ሁለተኛ አይከራከረኝም።

ወደ ቧንቧው ልመለስ። የተለበጠውን ሲሊኮን በሙሉ ገፍፈው ይጣሉት። ሲሊኮን የመስኮት ነው፤ ፒቪሲን (የቧንቧውን ፕላስቲክ) አጥብቆ አይዝም፤ የሚሠራው ብቸኛ ሥራ ቀጣዩ ሰው ስንጥቁን እንዳያይ መሸፈን ነው። እኔ ግማሽ ቀን የማጠፋው ሌላው ሰው የለበጠውን ስፍቅ ነው። ግራጫውንም ቧንቧ ይመልከቱት። ጎኑ ላይ ፒኤን 10 (10 ባር ግፊት ይችላል ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ከሌለና ግድግዳው ስስ ከሆነ የፍሳሽ ቧንቧ ነው። የፍሳሽ ቧንቧ የመታጠቢያ ቤት ውሃ በራሱ ቁልቁል እንዲወርድበት የተሠራ ነው፤ ለፓምፕ መምጠጫ አልተሠራም። ዋጋው ስለረከሰ ብቻ ገንዳ ሥር ሲቀብሩት ሳይ ያንገበግበኛል፤ ቧንቧው የተገዛበትን ገንዘብ አሥር እጥፍ የሚያስወጣ ሴራሚክ ነው በኋላ የሚፈርሰው።

አሁን ስለ ፓምፑ ጉልበት። ይህንን ረዘም አድርጌ እነግርዎታለሁ፤ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ከማገኘው ብልሽት አብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነውና።

ፓምፕ ውሃ አይስብም። ስንናገር «ሳበ» እንላለን እንጂ፣ እርሱ የሚያደርገው በአፉ በኩል ያለውን ግፊት መቀነስ ብቻ ነው። ውሃውን ወደ እርሱ የሚገፋው የገንዳው ገጽ ላይ የተጫነው አየር ነው። ይህ አየር ክብደት አለው፤ ክብደቱም እንደ አገሩ ከፍታ ይለያያል። ጅቡቲ፣ ባሕሩ ዳር፣ አየሩ ውሃን በባዶ ቧንቧ ውስጥ ቢበዛ 10.3 ሜትር ያህል ያወጣል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚያ የሚያወጣው 8.2 ሜትር ያህል ብቻ ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደሴ ስንወጣ 7.6 ይሆናል። ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላውና ባቄላው አልበስል እያለ እናቶቻችንን የሚያስመርረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በላያችን ያለው አየር ቀሏል። ስለዚህ የፓምፑ ካርቶን ላይ ያለው የመምጠጥ ቁጥር ባሕር ዳርቻ የተለካ ከሆነ፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ 2 ሜትር ይጎድለዋል።

በእርስዎ ገንዳ እናስላው። በእጅዎ ያለው 8.2 ሜትር ነው። ፓምፑ ከውሃው በላይ ስለሆነ 1.5 ሜትር ወጪ። ገንዳው በአማካይ 1.5 ሜትር ጥልቀት ስላለው 75 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ውሃው በ6 ሰዓት አንድ ጊዜ ተጣርቶ ይዙር ካልን በሰዓት 12.5 ሜትር ኩብ መሄድ አለበት። ይህን ውሃ ባለ 50 ቧንቧ ውስጥ ሲያስገቡት በሰከንድ ከ2 ሜትር በላይ ይሮጣል፤ መምጠጫ ላይ ከ1.5 ሜትር እንዲያልፍ አልፈልግም። በ14 ሜትር ርቀት ላይ በፍትጊያ ብቻ 1.4 ሜትር ያህል ያስወጣዎታል፤ ጎሚቶዎቹን (የቧንቧውን ማጠፊያዎች) ሲጨምሩ ወጪው በድምሩ 3.5 ሜትር ይጠጋል። ባለ 2 የፈረስ ጉልበቱ ሲመጣ ደግሞ ውሃውን ለማፍጠን ይታገላል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ፍትጊያው እጥፍ አይሆንም፤ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ይሆናል። በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት እየወረደ በሄደ ቁጥር የውጭው አየር በመርፌ ቀዳዳ ሳይቀር ተሽቀዳድሞ ይገባል። ባሰበት ያሉኝ ለዚህ ነው። በአንድ የወለል መምጠጫ ላይ ትልቅ ፓምፕ ማስቀመጥም አደጋውን እዚያው ያሳድገዋል። የመጀመሪያው ባለ 1 ይበቃዎታል፤ ካልጣሉት መልሱት።

መምጠጫውን ቆፍራችሁ አውጡና በባለ 63 ፒኤን 10 ቀይሩት፤ ያው ውሃ በሰከንድ ወደ 1.4 ሜትር ይወርዳል። ቧንቧው ከገንዳው እስከ ፓምፑ ያለማቋረጥ ሽቅብ ይሂድ። መሠረት ለመዝለል ጉብ ብሎ ተመልሶ ከወረደ ጉብታው ላይ አየር ይተኛል። ፓምፑ አፍ ላይ ጎሚቶ አታስገቡ፤ ቢያንስ 32 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ቧንቧ ይቅደመው። ፓምፑን ራሱን ከአጥሩ ጥግ አውርዱት። የጎርፉ ስጋት ይገባኛል፤ ሐምሌና ነሐሴ ኮምቦልቻን አውቃታለሁ። ነገር ግን ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ የአርማታ መደብ፣ ዙሪያውን የውሃ መሄጃ ቦይና ነፋስ የሚያገኝ ትንሽ ቆርቆሮ ጣሪያ ይበቃዋል። ከገንዳው ውሃ ከፍታ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይርቅ ያድርጉ።

ቧንቧው ሲጣበቅ ጫፉ ይሞረድ፣ በማጽጃው ይጠረግ፣ በሁለቱም በኩል ኮላ ይቀባ፤ ሲገባ ሩብ ዙር አዙሮ ግማሽ ደቂቃ መያዝ ነው። በቀትር ፀሐይ አታጣብቁ፤ ኮላው ሳይገናኝ ይደርቃል። በቤንዚን የቀጠነ ኮላ የሚሸጥም አለ፤ ጣሳው ቀድሞ ከተከፈተ አይቀበሉ።

የወለሉን መምጠጫ ምን እናድርገው? ወለሉ ገና ቢሆን ኖሮ ሁለት መምጠጫ፣ በመካከላቸው ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ አንድ መስመር ላይ ተጣምረው፣ በመካከላቸውም ቫልቭ ሳይኖር አስገቡ እል ነበር፤ አንዱ ቢደፈን ሌላው ይተነፍሳል። አሁን ግን አርማታው ጠጥሯል፤ ፌሮ ቆርጦ አዲስ ማስገባት ለዘላለም የሚንጠባጠብ ስፌት ይተውልዎታል። ስለዚህ የወለሉን መስመር ከመምጠጫው ፈጽሞ ይነጥሉትና ወደ መመለሻው ያገናኙት። የተጣራው ውሃ ከሥር ይውጣ፤ የሚገፋ ቀዳዳ ማንንም አይዝም። ቫልቭ ዘግቶ መተው ግን አይበቃም፤ አንድ ቀን አንድ ሰው ይከፍተዋል። ቧንቧው ይቆረጥ።

የመምጠጡን ሥራ ስኪመሮች ይሥሩት። ለ50 ካሬ ሜትር ገጽ ሁለት ያስፈልጋሉ፤ ሁለተኛውን ከግድግዳው አናት ላይ ማስገባት ወለል እንደመቁረጥ አያስቸግርም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ቅጠሉን ወደየትኛው ዳር እንደሚገፋ ሁለት ሦስት ቀን ተመልከቱና በዚያ በኩል አድርጉት። እያንዳንዱ የራሱ ባለ 50 መስመርና ቫልቭ ኖሮት ፓምፑ አጠገብ በባለ 63 ይገናኙ።

ከዚያ ፈተና። ፓምፑንና ማጣሪያውን አላቅቁ፤ የመስመሮቹን ጫፍ ድፈኑ፤ በውሃ ሞልታችሁ እስከ 2 ባር ግፉና 24 ሰዓት አቆዩት። በአየር እንዳትሞክሩት፤ ፒቪሲ በአየር ሲፈነዳ እንደ ጠርሙስ ነው የሚበተነው። የግፊት መለኪያው ላይ ያለውን ቁጥር ሲጀመርና በማግስቱ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ። ርካሾቹ መለኪያዎች መርፌያቸው ይጣበቃል፤ ከማንበብዎ በፊት መስታወቱን በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት። አርማታው ውስጥ ያለው መስመር ከወረደ ሴራሚክ ሳይነጠፍ ማወቅዎ ትርፍ ነው።

ቦታው ጥቁር አፈር ከሆነ በክረምት ገንዳውን ባዶ አታድርጉት፤ ከሥር ያለው ውሃ ሊያነሳው ይችላል። ለፓምፑ መስመር 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ በራሱ የሚቆርጥ ማጥፊያና የመሬት ሽቦ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስገጥሙ።

ፈተናው አልፎ አንጣፊዎቹ ሲመለሱ፣ ለዋና ውሃ ከመሙላትዎ በፊት የወለሉ መስመር መቆረጡን በሌላ ሰው አፍ ሳይሆን በራስዎ ዓይን ይዩት። ገንዳው ሲሞላም ፓምፑን አስነስተው ባዶ ፌስታል በረጅም እንጨት አስረው ወደ ወለሉ ቀዳዳ ያስጠጉት፤ ወደ ውጭ ከተገፋ ልጆቹ ይግቡ። ከተሳበ ግን ያጥፉትና ይደውሉልኝ።